የ430 ሰዎች ጉድለትና የዋሽንግተን የመጀመሪያው «አይሆንም»

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1792 መጀመሪያ፣ አንድ ማለዳ ገና ቁርስ ሳይቀርብ፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ከቶማስ ጄፈርሰን ዘንድ ደረሱ። ከተማው የያኔዋ መዲና ፊላደልፊያ ነው። መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ጉዳይ አነሡ። ቆይተው ግን ወደመጡበት ገቡ፤ የኮንግረሱ ሁለት ምክር ቤቶች ያጸደቁት የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ድልድል ሕግ እጃቸው ከገባ ዐሥረኛ ቀኑን ይዟል። ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸው ጊዜ ደግሞ እሑድን ሳይጨምር ዐሥር ቀን ብቻ ነው። ወይ ይፈርማሉ፣ ወይ ይመልሳሉ፣ ዝም ካሉም በራሱ ሕግ ይሆናል። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የምክር ቤትን ሕግ መልሶ አያውቅም።

የነገሩ መነሻ አጭር ነው። በ1790 የአገሪቱ የመጀመሪያው ሕዝብ ቆጠራ ተካሄደ። በሕገ መንግሥቱ ቀመር ለውክልና የሚታሰበው ሕዝብ 3,615,920 ሆነ። ሕገ መንግሥቱ መቀመጫ ለግዛቶች በሕዝባቸው መጠን ይደልደል ይላል፤ ለ30,000 ሰው ከአንድ ተወካይ እንዳይበልጥም ይከለክላል። መቀመጫውን የሚከፋፈሉት ግዛቶች 15 ነበሩ። ሰው ግን እንደ እህል ተሰፍሮ እኩል አይወጣም፤ ሁልጊዜ ቀሪ አለ። ጠቡ ሁሉ የቀሪው ጠብ ነው።

ኒው ጀርሲን እንይ። የሚታሰብላት ሕዝብ 179,570 ነበር። ለ30,000 ሲካፈል አምስት ሙሉ ተወካይ ይወጣና 29,570 ሰው ይተርፋል። ስድስተኛውን መቀመጫ ለማግኘት የጎደሏት 430 ሰዎች ናቸው። በአንጻሩ ቨርጂኒያ 630,560 አላት፤ 21 ተወካይ ወስዳ የሚተርፋት 560 ሰው ብቻ ነው። ቀሪው ይጣል ከተባለ ኒው ጀርሲ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝቧ ያለ ወኪል ይቀራል፤ ቨርጂኒያ የምታጣው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ለፕሬዚዳንቱ የቀረበው ሕግ ለዚህ መላ ነበረው። የአገሪቱ ሕዝብ በጠቅላላ ለ30,000 ሲካፈል 120 ይወጣል። ለየግዛቱ ሙሉ ሙሉው ሲሰጥ 112 መቀመጫ ይያዛል። የቀሩት ስምንቱ ደግሞ ትልልቅ ቀሪ ላላቸው ስምንት ግዛቶች አንድ አንድ ይታደላሉ፤ ለኮነቲከት፣ ለዴላዌር፣ ለማሳቹሴትስ፣ ለኒው ሃምፕሸር፣ ለኒው ጀርሲ፣ ለቨርሞንት፣ ለሰሜን ካሮላይናና ለደቡብ ካሮላይና። ይህ አከፋፈል በግምጃ ቤት ሚኒስትሩ በአሌክሳንደር ሃሚልተን ስም ይጠራል።

ዋሽንግተን የአራቱን ሹማምንት ሐሳብ በጽሑፍ ጠየቁ። ሁለት ለሁለት ተከፈሉ። ሃሚልተንና የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ኖክስ ይፈረም አሉ። ጄፈርሰንና ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ኤድመንድ ራንዶልፍ ይመለስ አሉ። የጄፈርሰን ክርክር ጠንከር ያለ ነው፦ ለሁሉም የሚሠራ አንድ አካፋይ ይኑር፤ ቀሪን እየለኩ መስጠት ከተጀመረ ሕጉ በዘፈቀደ እጅ ይወድቃል፤ ደግሞም ስምንቱ ግዛቶች ለ30,000 ሰው ከአንድ በላይ ተወካይ አግኝተዋል።

ወደዚያች ማለዳ እንመለስ። ጄፈርሰን በማስታወሻቸው እንዳሰፈሩት ዋሽንግተን በክርክሩ ባብዛኛው ተስማምተዋል፤ ይበልጥ ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። ድምፁ የተሰጠው በመልክዓ ምድር ነበር፤ ሰሜን በደቡብ ላይ። «ለደቡብ ወገን አደላ» እባላለሁ ብለው ሠጉ። ሥጋታቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ እርሳቸው ቨርጂኒያዊ፣ ጄፈርሰን ቨርጂኒያዊ፣ ራንዶልፍ ቨርጂኒያዊ፣ የመመለሻውን ጽሑፍ እንዲያረቅ የተጠራው ጄምስ ማዲሰንም ቨርጂኒያዊ ነው። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ሲቀርብላቸው ራንዶልፍን እስከ በር ሸኝተው፣ አንተ ራስህ በዚህ ታምናለህ ወይ ብለው ጠየቁት። በክብሬ እምላለሁ አለ። ሕጉ ወዲያው ወደ ምክር ቤቱ ተመለሰ። የጄፈርሰን ማስታወሻ ኤፕሪል 6 ይላል፤ የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ግን ኤፕሪል 5 ነው። ማስታወሻው በማግስቱ የተጻፈ ይመስለኛል።

እንግዲህ ዋሽንግተን በአገራቸው ልጆች ተመርተው ነው ወይስ በራሳቸው ኅሊና? ያለን ምስክር በዋናነት ጄፈርሰን ነው፤ ጄፈርሰን ደግሞ የነገሩ ባለጉዳይ ነው። እኔ ዋሽንግተንን አምናለሁ። ምክንያቴ ከአምስት ዓመት በፊት የሆነ አንድ ነገር ነው። በ1787 በሕገ መንግሥት ጉባኤው የመጨረሻ ቀን፣ ሴፕቴምበር 17፣ ለአንድ ተወካይ የሚቆጠረው ሕዝብ ከ40,000 ወደ 30,000 ይውረድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጉባኤውን በሙሉ በሊቀመንበርነት ሲመሩ በክርክር ያልገቡት ዋሽንግተን ያን ጊዜ ተነሥተው ደገፉት፤ ያለ ተቃውሞም ጸደቀ። የ30,000ዋን ቁጥር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያስገባች የእርሳቸው ቃል ናት ማለት ይቻላል። ስምንት ግዛቶች ያንን ጣራ አልፈው ሲያዩ ቢደነግጡ አይገርምም።

በቅንነት የተወሰነ ውሳኔ ግን ፍትሐዊ ድልድል አላመጣም። ምክር ቤቱ እገዳውን ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስላጣ አካፋዩን 33,000 አድርጎ፣ ቀሪውን ሁሉ ጥሎ፣ 105 መቀመጫ ደለደለ። ቨርጂኒያ 19 ወሰደች፤ በሕዝቧ ልክ የሚደርሳት 18.3 ነበር። ዴላዌር 1.6 የሚደርሳት ሆና አንድ ብቻ አገኘች። አንድ የቨርጂኒያ ተወካይ 33,187 ሰው ሲወክል፣ የዴላዌሩ ብቸኛ ተወካይ 55,540 ሰው ተሸከመ። ቀሪን መጣል ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን በትንሹ ግዛት ላይ ይከብዳል።

ከዚህ የባሰም አለ። ከቨርጂኒያ ሕዝብ 292,627ቱ በባርነት የተያዙ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ እያንዳንዳቸውን የሰው ሦስት አምስተኛ አድርጎ ቆጠራቸው፤ ይህም ወደ 175,576 ይመጣል። በ33,000 ሲካፈል ከአምስት መቀመጫ በላይ ነው። ድምፅ የሌላቸው፣ በራሳቸው አካል እንኳ የማያዙ ሰዎች ለጌቶቻቸው መቀመጫ አበዙ። ስለ ቀሪ የተከራከሩት አራት ሹማምንት በዚያ የጽሑፍ ምክራቸው ይህን አላነሡም። የታሪኩ ትልቁ በደል ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን ባብዛኛው የሒሳብ ሙግት ነው። ቀሪን የሚጥለው የጄፈርሰን አከፋፈል እስከ 1830ዎቹ ዘለቀ። የሃሚልተን ዘዴ በ1850 ሕግ ሆኖ ተመለሰ፤ እርሱም ነቀፋ አላጣም። በዚያ ዘመን በተሠራ ስሌት፣ በዚህ ዘዴ የምክር ቤቱ መቀመጫ 299 ቢሆን አላባማ ስምንት ታገኝ ነበር፤ 300 ቢሆን ሰባት። የሚከፋፈለው ሲጨምር ድርሻ ሲቀንስ ማን ይቀበላል? ዛሬ የሚሠራበት ቀመር ከ1941 ጀምሮ ያለው ነው። በ1982 ባሊንስኪና ያንግ የተባሉ ሁለት ምሁራን በመጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ ከሁሉም እንከን የጸዳ የአከፋፈል ዘዴ የለም።

ቀሪው ዛሬም ያጣላል። በ2020ው የአሜሪካ ቆጠራ ኒውዮርክ 89 ሰዎች ጎድለውባት አንድ መቀመጫ አጥታለች። ቆጠራው ዜግነት ስለማይለይ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚያ ሒሳብ ውስጥ አሉ፤ ቅጹን ሳይሞላ የቀረ አንድ ቤተሰብ እንኳ ዋጋ ነበረው።

በእኛም በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከእነዚህም ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 103 ደግሞ በየዐሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ እንዲካሄድና የምርጫ ክልሎች ወሰን በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን ያዝዛል። ሦስተኛው ቆጠራ የተካሄደው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል። ስለ ድርሻ የምንከራከር ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ሆንን ተራ ዜጋ፣ አስቀድመን ቆጠራው እንዲካሄድ እንጠይቅ።