ጧሪና ቀባሪ፦ የጡረታ መብት ከየት መጥቶ ለማን ይደርሳል?



ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላሉ። ከሁለቱ አንዱን፣ ማለትም ቀባሪውን፣ እድራችን ችሎታው በፈቀደ መጠን ሲወጣው ኖሯል። ጡሩምባው ሲነፋ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይወጣል፣ ሐዘንተኛውም ብቻውን አያድርም። የጧሪው ነገር ግን ለየቤቱ የተተወ ነው። «ጡረታ» የሚባለው ቃል ራሱ «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ መጦር ማለት የደከመን ወላጅ መመገብና መንከባከብ ነው። ስለዚህ ጡረታ ምጽዋት አይደለም። ሰው በጉልበቱ ዘመን ከደመወዙ እየቀነሰ፣ አሠሪውም እየጨመረለት፣ ለኋላው ያኖረው ጧሪ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን በሰፈራችን የደረሰ አንድ ጉዳይ ነው። አንድ አባላችን በጥበቃ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግለው፣ ገና በሥራ ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ቀበርናቸው፤ ሐዘኑንም ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው የተተኪ አበል ለመጠየቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄዱ፣ ሟቹ በወጣትነታቸው በሞሉት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ «ያላገባ» ተብሎ ተገኘ። ጋብቻው በአገር ሽማግሌ ፊት የተፈጸመ ስለነበረ ወረቀት የለውም። ልጆቹም በማኅደሩ አልተጻፉም። ይባስ ብሎ፣ ሟቹ በአገር ቤት የሚጠሩበት ስም ሌላ፣ በሥራ የሚታወቁበት ስም ሌላ ነበር። እኒህ እናት ከአንድ ዓመት በላይ ተመላለሱ፤ ለመጓጓዣና ለማመልከቻ ብለው ላማቸውን ሸጡ። ታዲያ በመጨረሻ ምን ረዳቸው ብትሉ፣ የእድራችን አሮጌ መዝገብ ነው። ሟቹ እድር ሲገቡ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን በስም አስመዝግበው ነበርና፣ መዝገቡና የሽማግሌዎቹ ቃል ፍርድ ቤት ቀርበው ጋብቻው ተረጋገጠ። ሕጉ እኒህን እናት አልከለከላቸውም ነበር፤ ያስቸገራቸው የወረቀት መጉደል ነው።

እንግዲህ ሕጉ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በአጭሩ እንመልከት።

በቀድሞው ዘመን መንግሥትን ያገለገለ ወታደርም ሆነ ሹም፣ በደመወዝና በጡረታ ፈንታ ብዙ ጊዜ የማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር። በእኛ አገር ደግሞ የሽማግሌ ጧሪዎች ልጅና እንሰት ነበሩ። ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ ሊስትሮም ሆኖ፣ ሱቅም ከፍቶ፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ሲመጣ የወላጆቹን ጓዳ ሞልቶ ይመለሳል። እንሰቱ ከጓሮ ሳይጠፋ ባሏ የሞተባት ሴትም ጾሟን አታድርም። ይህ ሥርዓት ብዙ ቤት ያቆመ ነው። ነገር ግን ልጅ ላልወለደ፣ ወይም ልጁ ለቀደመው፣ ወይም ከጓሮው ርቆ በከተማ በደመወዝ ለሚኖር ሰው አይበቃም።

በደመወዝ የሚኖር ሰው ሲበዛ ሌላ ጧሪ መፈለጉ በሌላውም ዓለም የታየ ነው። በጀርመን አገር በቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1889፣ ሠራተኛውና አሠሪው በጋራ እያዋጡ ለእርጅና የሚከፈልበት ሕግ ወጣ። ያን ጊዜ አበሉ የሚጀምረው በ70 ዓመት ስለነበረ፣ እዚያ ሳይደርስ የሚሞተው ሠራተኛ ብዙ ነበር። በአገራችን በመዋጮ ላይ የቆመው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በድንጋጌ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ወጣ። በዚያን ጊዜ ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 4 ከመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 ከመቶ ያዋጡ ነበር። ለወታደሩ የመንግሥት ድርሻ 16 ከመቶ ነበር።

ይህ ሕግ የመንግሥትን ሠራተኛ እንጂ የግል ሠራተኛውን አልነካም። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎችና ልዩ ልዩ ድርጅቶች በመንግሥት ከተያዙ በኋላ፣ የእነዚያ ድርጅቶች ሠራተኞችም በመንግሥቱ ጡረታ እንዲታቀፉ ተደረገ። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 345 የቀድሞውን ተካ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን በ2003 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዓመት ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 714፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ አዋጅ ቁጥር 715 ወጡ። ከዚያ በፊት የግል ሠራተኛ ዕድለኛ ከሆነ ፕሮቪደንት ፈንድ ነበረው፤ ካልሆነ ግን ሥራ ሲያቆም ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይሄድ ነበር። የግሉ ጡረታ ከሐምሌ 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተሠራበት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለማቋረጥ ያዋጣ የግል ሠራተኛ አሥር ዓመት የሞላው በ2013 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም አዋጆች በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተኩ። ዛሬ ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ለማን ይደርሳል?

በመጀመሪያ ለሠራተኛው ለራሱ ነው። የሲቪል ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ በዚህ ዕድሜ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ በየወሩ አበል ያገኛል። 10 ዓመት ያልሞላው ወርኃዊ አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚያገኘው። በ2003ቱ አዋጅ የተጻፈው ስሌት እንዲህ ነበር። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይወሰዳል፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 ከመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 ከመቶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ70 ከመቶ አይበልጥም። ለምሳሌ አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነና 30 ዓመት ያገለገለ ሰው፣ 30 እና 25 ተደምሮ 55 ከመቶ ይደርሰዋል። ይኸውም በወር 3,300 ብር ነው።

ቀጥሎ ለተተኪዎች ነው። ሟቹ ጡረተኛ ከነበረ፣ ወይም 10 ዓመት አገልግሎ በሥራ ላይ እያለ ከሞተ፣ ወይም በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሞተ፣ መብቱ ወደ ተተኪዎቹ ይተላለፋል። በዚያው አዋጅ መሠረት የሟች ሚስት ወይም ባል የአበሉን 50 ከመቶ፣ እያንዳንዱ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ 20 ከመቶ፣ በሟቹ ይጦር የነበረ ወላጅ ደግሞ 15 ከመቶ ያገኛል። የሁሉም ድርሻ ቢደመር ከሟቹ አበል መብለጥ የለበትም። በላይ ባነሣነው ምሳሌ ሚስት 1,650 ብር፣ ሁለት ልጆች ለየራሳቸው 660 ብር ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ሚስት ብቻ ሳትሆን ባልም ተተኪ መሆኑን ልብ በሉ። ሚስቱ መምህርት ወይም ነርስ የነበረች ሰው «ይሄ የሴቶች ነገር ነው» ብሎ መቅረት የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ደግሞ «ብታገባስ?» የሚለው ነው። የ2003ቱ አዋጅ ከ45 ዓመት በታች ያለች ሴት ወይም ከ50 ዓመት በታች ያለ ወንድ እንደገና ሲያገቡ የተተኪ አበሉ እንደሚቋረጥ፣ ከዚህ ዕድሜ ያለፉት ግን ቢያገቡም እንደማይቋረጥባቸው ደንግጎ ነበር። ስለዚህ በወሬ ፈርቶ ከመኖር፣ በወሬም ተማምኖ ከመሳሳት፣ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

ሕጉ ይህን ያህል ከሰጠ፣ ችግሩ ከየት ይመጣል? ከማስረጃ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሁሉ ተቀብሏል። ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመዝገብ እንዲያዙም አዝዟል። ነገር ግን በዚያው ሕግ ቁጥር 3361 የመዝገቡ ሥራ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቆይ ተደረገ። ቆይታው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በቡታጅራ አካባቢ ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ በተመረጡ አሥር ቀበሌዎች ልደትና ሞት ሲመዘገብ መኖሩ ይታወቃል፤ ያ ግን ለጤና ጥናት እንጂ ለቤተሰብ ማስረጃ የተቋቋመ አልነበረም። እንግዲህ ከ2008 በፊት ያገባ፣ የወለደና የቀበረ ብዙ ሰው ማስረጃው የክርስትና ወረቀት፣ የኒካህ ወረቀት፣ ወይም የሽማግሌ ቃል ነው።

የቦታ ስምም ያደናግራል። በአሮጌ ማኅደር ላይ ወልቂጤ «ጨቦና ጉራጌ አውራጃ»፣ ቡታጅራ «ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ»፣ ሁለቱም «ሸዋ» ተብለው ይገኛሉ። ኋላ ሁለቱም በጉራጌ ዞን ሆኑ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። የትውልድ ቦታው በአንዱ ወረቀት እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ የተጻፈ ሰው አይደንግጥ፤ የስሙን መለዋወጥ የሚያስረዳ ደብዳቤ ቀድሞ ያዘጋጅ። ዕድሜም እንደዚሁ ነው። ለጡረታ የሚታየው በመጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ በመሆኑ፣ በኋላ ዘመን የሚቀርብ ማስተካከያ ብዙ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ከመካከላችን ብዙው ነጋዴ፣ ሹፌር ወይም የእጅ ባለሙያ ነው። ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪ ስለሌለው በግዴታ የሚቀነስለት ጡረታ የለም። የ2003ቱ የግል አዋጅ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲገቡ በሩን ከፍቶ ነበር፤ በዚያ በር የገባው ግን ጥቂት ነው። ሱቁ እስካለ ድረስ ሱቁ ይጦራል፤ ሰውየው ሲተኛ ግን ሱቁም አብሮ ይተኛል። በሱቁ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ አባላችንም መዋጮውን በጊዜው ያስገባ። የሌላን ሰው ጧሪ ይዞ መቅረት ነውር ነውና።

ስለሆነም ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ደመወዝተኛ የሆነ አባል ሁሉ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ማኅደሩን ይክፈት፤ የሚስቱ ወይም የባሏ ስም፣ የልጆቹም ስም በትክክል መጻፉን በዓይኑ ይይ። ሁለተኛ፣ በሽማግሌ ያገባ ሁሉ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጋብቻውን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። ሦስተኛ፣ ሞት ሲደርስ የእድሩ ጸሐፊ ቤተሰቡ በ30 ቀን ውስጥ ሞቱን እንዲያስመዘግብ ያስታውስ፤ ሐዘንተኛ ይህን አያስብምና። አራተኛ፣ የእድሩ መዝገብ በአዲስ ተገልብጦ፣ እያንዳንዱ አባል በአገር ቤት ስሙም በሥራ ስሙም ከነቤተሰቡ ይጻፍ። በውሳኔ ቅር የተሰኘ ተተኪ ደግሞ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት እንደሚችል ይወቅ፤ ማመልከቻውን ለሚያዘጋጅለት ሰው እድሩ ይተባበር።

ላማቸውን የሸጡት እናት አበላቸውን ማግኘት ጀምረዋል። የልጃቸውንም የትምህርት ቤት ወጪ ከዚያው እየቆጠቡ ይከፍላሉ። በወሩ መጨረሻ የእድር መዋጮ ሊከፍሉ ሲመጡ «መዝገቡን ደህና አድርጋችሁ ያዙት» ብለውናል። እኛም አደራውን ለሁላችሁም እናስተላልፋለን።