ኢንፍሉዌንዛን ከሕዋስ ደጃፍ መመለስ

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመራባት የግድ ወደ ሕያው ሕዋስ መግባት አለበት። በመጀመሪያ ሄማግሉቲኒን የተባለው ፕሮቲኑ በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ሳያሊክ አሲድ ጋር ይጣበቃል። ሕዋሱም ቫይረሱን በከረጢት መሰል ሽፋን ጠቅልሎ ያስገባዋል። በከረጢቱ ውስጥ አሲዳማነት ሲጨምር የሁለቱ ሽፋኖች ይዋሐዱና የቫይረሱ ዘረ መል ወደ ሕዋሱ ይለቀቃል።

ክትባት የሚያስገኛቸው ፀረ እንግዳ አካላት ሄማግሉቲኒንን ይዘው እንዳይጣበቅ ያደርጉታል። በሩሲያና በቻይና የሚሰጠው ኡሚፌኖቪር ደግሞ የሽፋኖቹን ውሕደት ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተፈቀደው አማንታዲን ኤም2 የተባለውን የቫይረሱን ቀዳዳ በመድፈን ዘረ መሉ እንዳይለቀቅ ያደርግ ነበር፤ ዛሬ ግን ቫይረሱ ስለተላመደው አይመከርም። በቻይና ይኸው መድኃኒት ለዶሮዎች ይሰጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2005 ተዘግቧል።

በስፋት የሚታዘዘው ኦሴልታሚቪር የሚዘጋው መግቢያውን ሳይሆን አዳዲስ ቫይረሶች ከሕዋሱ የሚወጡበትን መንገድ ነው፤ ምልክት በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። አንቲባዮቲክ ግን ቫይረስን አያጠፋም።

ስለዚህ ዶሮዎች በድንገት ቢያልቁ፣ አርቢው የሰው መድኃኒት ከመስጠት ተቆጥቦ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቅ፤ የሞቱትንም በባዶ እጁ አይንካ።