ባቄላ፤ ከገሊላ እስከ ጓሯችን

አበው «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ብለው ሲተርቱ ባቄላን የናቁት ይመስላል፡፡ ይሁን እንጂ ያገራችን ደገኛ የባቄላን ያህል በብዙ መልክ የሚበላው እህል ጥቂት ነው፡፡ እሸቱ ተፈልፍሎ በጥሬው ይበላል፡፡ ሲደርቅ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ አሹቅና በቆልት ይሆናል፤ ተከክቶ ወጥ፣ ተፈጭቶ ሽሮ ይወጣዋል፡፡ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሆኖ ይቀርባል፤ በጸሎተ ሐሙስ ከስንዴ ጋር ጉልባን ሆኖ ይበላል፡፡ በስደት የተወለዱት ልጆቻችን ግን ሽሮን የሚያውቁት በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ የሚመጣ ዱቄት አድርገው ነው፡፡ የባቄላን አበባ አይቶ የሚለይ ልጅ በየቤታችን ስንት ይገኛል?

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው፡፡ በጓሮዬ መደብ አበጅቼ ባቄላ የዘራሁት እንደ ቲማቲሙና እንደ ቃሪያው ሙቀቱን ጠብቄ፣ በሰኔ መግቢያ ላይ ነበር፡፡ ሰኔ ሲገባ ባቄላ እንደሚዘራ ካገር ቤት አስታውሳለሁና! ጉልበት እስኪደርስ አደገ፤ ነጩን አበባ ከጥቁር ነጠብጣቡ ጋር አወጣ፡፡ ከዚያም አበባው ሁሉ ረገፈና አንድ እሸት ሳልቀምስ ቀረሁ፡፡ ጥፋቱ የዘሩ መስሎኝ ነበር፡፡ የባቄላን ታሪክ ሳነብ ግን ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ባቄላ በመጀመሪያ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰው ያላመደው ተክል ነው፡፡ በገሊላ አካባቢ በቁፋሮ የተገኙ የባቄላ ፍሬዎች ዕድሜያቸው 10 ሺህ ዓመት ግድም ሆኖ ተገኝቷል፡፡ በዚያ አገር ዝናብ የሚዘንበው በቀዝቃዛው ወራት ነውና ባቄላ ከጥንት ጀምሮ የብርድና የዝናብ ሰብል ነበር፡፡ ስሙም ቢሆን ዘመዶች አሉት፡፡ ዐረቦች ከጥንት «ባቂላ» ይሉታል፤ በዐረብ አገሮች የምትኖሩ አንባብያን በገበያ «ባጌላ» ወይም «ባጂላ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፡፡ በሱዳን በኩል የመጣነው ደግሞ በስደት ዘመናችን ያኖረንን ፉል አንረሳውም፡፡ እርሱም ያው ባቄላ ነው፡፡

ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ባቄላ የሚሻውን ብርድ በደጋው ከፍታ ላይ አገኘ፡፡ ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 እስከ 3000 ሜትር ባለው ምድር በክረምቱ መግቢያ ይዘራል፣ በመስከረምና በጥቅምት እሸቱ ይደርሳል፣ ከዚያም ደርቆ ይታጨዳል፡፡ እንግዲህ የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር፡፡ የአገሬን ወር ይዤ የአገሬን አየር ረሳሁ፡፡ የደጋ ሰኔ ደመናና ቅዝቃዜ ነው፤ የዋሽንግተን ሰኔ ግን እሳት ነው፡፡ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ የባቄላ አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፡፡

የባቄላ ዘር በደጋው ሰው እጅ ብዙ ዓይነት ሆነ፡፡ ትልቁም ትንሹም፣ አረንጓዴውም ቡናማውም እንደየአገሩና እንደየአፈሩ ተመርጦ ቆየ፡፡ ይህን የዘር ሀብት ለዓለም ሳይንስ ካስታወቁት አንዱ ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበር፡፡ በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ዘር ሰበሰበ፤ በአዲስ አበባም ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ተነጋገረ፡፡ ኢትዮጵያንም ከዓለም ታላላቅ የሰብል ዘር ምንጮች አንዷ ብሎ መዘገባት፡፡ መጨረሻው ግን አሳዛኝ ሆነ፡፡ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 በወህኒ ቤት ሞተ፡፡ በዚያው ጦርነት ሌኒንግራድ ተከባ ስትራብ፣ እርሱ ያሰባሰበውን ዘር ይጠብቁ ከነበሩት ባልደረቦቹ መካከል እህሉን ሳይነኩ በረኃብ የሞቱ አሉ፡፡

በእኛም አገር በ1976 የዕፀዋት ዘር ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፡፡ በኋላ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ መጠበቅ አለበት ብለው በመሥራታቸው በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል፡፡ ነገሩ የቅንጦት አይደለም፡፡ ከ2010 ወዲህ «ቆርምድ» የተባለ በሽታ የደጋውን ባቄላ ቅጠል እያቆረፈደ ገበሬውን ጎድቶታል፡፡ እንዲህ ያለውን በሽታ የሚቋቋም ዘር ሲፈለግ ከሚታዩት ቦታዎች አንዱ ያ በየመንደሩ ተጠብቆ የኖረው ልዩ ልዩ ዘር ነው፡፡

ከባቄላ ጋር ተደባልቆ የሚታየው ቦሎቄ ግን ሌላ ታሪክ አለው፡፡ ቦሎቄና አደንጓሬ፣ እሸቱን ፎሶልያ የምንለውም ጭምር፣ የአሜሪካ ተወላጆች በሜክሲኮና በአንዲስ ተራሮች ያላመዱት ዘር ነው፡፡ ከ1492 በፊት ከአሜሪካ ውጭ አይታወቅም ነበር፡፡ ወደ አፍሪቃ ያመጡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጓዙት ፖርቱጋሎች እንደሆኑ ይገመታል፡፡ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች በቆሎን፣ ቦሎቄንና ዱባን ባንድ መደብ ይዘሩና «ሦስቱ እኅትማማቾች» ይሏቸው ነበር፡፡ በቆሎው ለቦሎቄው ድጋፍ ይሆናል፤ የዱባው ቅጠል አፈሩን ይሸፍናል፡፡ የሐረርጌ ገበሬም ቦሎቄን ከማሽላና ከበቆሎ ጋር አሰባጥሮ ሲዘራ ይታያል፡፡ ቦሎቄ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ውርጭ ይገድለዋል፡፡

ሁለቱም ለአፈሩ ባለውለታ ናቸው፡፡ ገበሬዎቻችን ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ በዓመቱ ስንዴ ወይም ገብስ ቢዘራ እንደሚያምር ከጥንት ያውቃሉ፡፡ ምክንያቱን በሳይንስ ያስረዱት ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመኖች በ1886 ነው፡፡ በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለተክሉ ማዳበሪያ ይሠራሉ፡፡ ስለዚህ ምርቱን ስትሰበስቡ ግንዱን ቁረጡ እንጂ ሥሩን አትንቀሉ፡፡

በጓሮው ለሚሞክር እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው፡፡ በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ባቄላን በመጋቢት መጀመሪያ፣ መሬቱ ለመቆፈር እንደተመቸ ዝሩ፡፡ በለንደን በጥቅምትና በኅዳር ወይም በየካቲት፣ በዐረብ አገሮች ደግሞ ሙቀቱ በሚበርድበት በኅዳር ይሆናል፡፡ አምስት ሴንቲሜትር አጥልቃችሁ፣ በመካከሉ አንድ ስንዝር ትታችሁ ዝሩ፡፡ የታችኛው አበባ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ጫፉን ቀንጥሱት፤ ጥቁር ክሽክሽ የሚሰፍረው እዚያ ላይ ነውና፡፡ ቦሎቄን ግን ውርጩ ፈጽሞ ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት ዝሩ፡፡

ለወጥ ቤቱም ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፡፡ በዘር በሚተላለፍ የደም ጠባይ ምክንያት ባቄላ፣ በተለይም እሸቱ፣ ደማቸውን የሚጎዳባቸው ሰዎች አሉ፡፡ በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው ለልጁ ከማቅመሱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ፡፡ ቀይ ቦሎቄ ደግሞ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል መንተክተክ አለበት፡፡ በዝግታ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ብቻ ማብሰል ሆድን ክፉኛ ያሳምማል፡፡

ከዘሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሙያው ነው፡፡ ዘሩን የሚጠብቅ ማዕከል አለ፡፡ የእናቶቻችንን እጅ የሚጠብቅ ማነው? ሥልጆን ውሰዱ፡፡ ሱፉ ተፈጭቶ ይጠለላል፣ በውኃው የባቄላ ዱቄት ይገነፋል፣ ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለጥቂት ቀናት ይቦካል፡፡ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ነው፡፡ ነገር ግን ስንት እፍኝ፣ ምን ያህል ውፍረት፣ ሽታው መቼ ይበቃዋል ብላችሁ ብትጠይቁ የምታውቀው እናት ናት፤ እርሷም የተማረችው ከእናቷ አጠገብ ቆማ ነው፡፡ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሲያልፉ ይህ አብሮ ይቀበራል፡፡

ስለዚህ በዚህ ዐቢይ ጾም እናት ወይም አክስት ቤታችሁ ካለች፣ ልጆቻችሁን አጠገቧ አቁማችሁ እፍኟን በስኒ ለክታችሁ ጻፉ፡፡ እኔም ዘንድሮ በመጋቢት፣ ገና ካፖርት ሳላወልቅ ዘርቻለሁ፡፡ አበባው በሚያዝያ ወጣ፤ ይህን ስጽፍ የታችኞቹ እሸቶች ጣት አክለዋል፡፡ ትንሿ ልጄ አንዱን ፈልፍላ በጥሬው ቀመሰችና «ይኼ ነው ሽሮ?» አለችኝ፡፡ አዎን፣ ይኼ ነው አልኳት፡፡