እኩሌታው ወር፦ በይፋግና በደቡብ ጎንደር ደጋ የነፍሰ ጡር ጥበቃ ታሪክ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከፎገራ ሜዳ ዳርቻ፣ በዛሬው ሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሞሌ ጨው፣ ጥጥና ከብት የሚገበያይባት፣ የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ስመ ጥር የገበያ ከተማ ነበረች። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው እንዳደረጉ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም በጋፋት መድፍ እንዳሠሩ የዚህ ምድር ታሪክ ደጋግሞ ያወሳል። በዚያው ዘመንና በዚያው ምድር ሴቶች ፅንስን እንዴት ይቆጥሩና ይጠብቁ እንደነበር ግን ከነገሥታቱ ዜና ጋር ሲነጻጸር የተጻፈው ጥቂት ነው። ከእርግዝና ወራትም ይበልጥ የተዘነጋው መካከለኛው፣ ማለትም አራተኛው ወር አልቆ አምስተኛው የሚጋመስበት ጊዜ ነው።

«ነፍሰ ጡር» የሚለው ስም ራሱ የልማዱን አስተሳሰብ ያሳያል። «ጡር» የሚለው ክፍል ተሸከመ ማለት ከሆነው ከግእዙ «ጾረ» ግስ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ይኸው ግስ በአማርኛ «ጦረ» ሆኖ ያረጁ ወላጆችን መንከባከብን ስለሚገልጽ፣ በአንድ ቃል ውስጥ ሸክምም እንክብካቤም ተጣምረው ይገኛሉ። የእርግዝናን ርዝመት በተመለከተ ሕዝቡ «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚለው ከቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጋር የሚገጥም ነው፤ መጋቢት 29 ቀን ከሚታሰበው የጌታ ፅንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን ልደት ድረስ ዘጠኝ የሠላሳ ቀን ወሮችና አምስቱ የጳጉሜን ቀኖች ተደምረው 275 ቀን ይሆናሉና። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ጊዜ ተከታዩ የልደት በዓል ታኅሣሥ 28 ቀን የሚውለውም ይህ ቁጥር እንዳይዛነፍ ነው። የዚህ ስሌት እኩሌታ በነሐሴ አጋማሽ፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ሰሞን ላይ ያርፋል። የዘመኑ ሕክምና በበኩሉ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ስለሚቆጥር፣ እኩሌታው 20ኛው ሳምንት ነው።

የሽንት ምርመራም ሆነ የምስል መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን እርግዝና መያዙን ያለ ጥርጥር የሚያረጋግጠው የሽሉ መላወስ ነበር። ሽል የሚባለው በማኅፀን ያለው ፅንስ ሲሆን፣ እናቲቱ እንቅስቃሴውን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለየው የበኩር ልጇን ያረገዘች እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት፣ ቀደም ሲል የወለደች ከሆነ ደግሞ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ኤልሳቤጥ ድንግል ማርያምን በተቀበለች ጊዜ ዮሐንስ በማኅፀኗ መዝለሉን የጻፈው የእርግዝናዋን ስድስተኛ ወር ጠቅሶ በመሆኑ፣ ይህ ምልክት በምእመናኑ ዘንድ የተለየ ክብር ነበረው።

ከዚያ በፊት ግን ነፍሰ ጡር ነገሩን ትደብቅ ነበር። ዓይነ ጥላ፣ ቡዳና ሾተላይ ይተናኮላሉ ተብሎ ስለሚፈራ፣ ሆድ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ ከቅርብ ዘመድ በቀር ማንም እንዲያውቅ አይፈለግም ነበር። ለመከላከያም ደብተራ የሚጽፈው ክታብ ይያዝ ነበር፤ ይኸውም ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ተፍቆ የተዘጋጀ ጠባብና ረጅም ብራና ሲሆን፣ ርዝመቱ በባለቤቲቱ ቁመት ይለካል፣ የክርስትና ስሟ በየጸሎቱ መካከል ይገባበታል፣ ተጠቅልሎም በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ በአንገት ይንጠለጠላል። በእናቶች ክታብ ላይ አዘውትሮ የሚገኘው ጸሎት ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን በፈረስ ተቀምጦ በጦር የወጋት የቅዱስ ሱስንዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር የገባው የፈረንሳዩ የዳካር ጅቡቲ የጥናት ቡድን ከሰበሰባቸው ቅርሶች መካከል እነዚህ የብራና ጥቅሎች ይገኙበታል።

ልጅ የሞተባት እናት የምታማርረው ሾተላይ ዛሬ በሐኪም አንደበት ሌላ ትርጉም አግኝቷል። የእናቲቱ የደም ዓይነት አርኤች ኔጋቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ በሚሆንበት ጊዜ የእናቲቱ ሰውነት የፅንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ልጅ ድኖ ተከታዮቹ ሊጠፉ ይችላሉ። መከላከያው በ28ኛው ሳምንት አካባቢና ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ መርፌ ሲሆን፣ የደም ዓይነቷ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የጥንቶቹ እናቶች ሐዘኑን በትክክል አይተውታል፤ ያጡት መንሥኤውን የሚያሳያቸው ምርመራ ነው።

ሁለተኛው የጥበቃ መስመር ምግብ ነበር። በአማራ አካባቢ ነፍሰ ጡር ወተት፣ ሙዝና የመሳሰሉትን እንዳትበላ የሚከለክል ልማድ በብዙ ቦታ የተመዘገበ ሲሆን፣ ለክልከላው ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ምግቡ በሕፃኑ ራስና ገላ ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል፣ ሌላው ደግሞ ልጁ ገዝፎ ምጡ ይከብዳል የሚል ነው። ሕፃኑ ሲወለድ በገላው ላይ እንደ ቅባት የሚታየው ነጭ ነገር በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ከእናቲቱ ሰሐን የመጣ አይደለም። በ20ኛው ሳምንት አካባቢ የሽሉ ቆዳ ዕጢዎች ከሚያመነጩት ስብና ከረገፈ ቆዳ ተዋሕዶ የሚሠራ፣ ገላውን በሽርት ውሃ፣ ማለትም ፅንሱ በሚንሳፈፍበት ፈሳሽ፣ ከመጎዳት የሚከላከል መሸፈኛ ነው። ተመልካቾቹ አዋላጆች ዐይናቸው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ፍቺው ሲሆን፣ ዋጋውን የከፈለችው ከወተት የተከለከለችው እናት ናት።

የምግብ መጓደል ይበልጥ የሚጎዳው በእኩሌታው ወር የእናቲቱ ደም መጠን በፍጥነት ስለሚጨምር ነው። ጭማሪው እስከ እርግዝናው መጨረሻ ድረስ ወደ ግማሽ ያህል ሊደርስ ስለሚችል፣ የብረት ማዕድን ያነሰው ምግብ ደም ማነስን ያስከትላል። ከይፋግ በታች ባለው ሜዳ ወባ ሲታከልበት ጉዳቱ ይከፋል፤ ወባ የነፍሰ ጡርን ደም ከማሳነሱም በላይ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተደብቆ የሕፃኑን ክብደት ይቀንሳልና። በ1940ዎቹ አጋማሽ በጎረቤት ደንቢያ የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን አንድ ላይ ማሠልጠን ጀመረ። በደብረ ታቦርም የአድቬንቲስት ሚሲዮን ያቋቋመው ሆስፒታል ለደጋው ሕዝብ የሕክምናን በር ከከፈቱት አንዱ ነበር።

ሆኖም ሆስፒታል ከተማ ላይ ቆሞ፣ ምጥ የጠናባት እናት በወሳንሳ፣ ማለትም በሰው ትከሻ በሚነሣ የእንጨት አልጋ፣ ቁልቁለትና ወንዝ አቋርጣ የምትደርስበት ዘመን ረጅም ነበር። ለውጡ የጎላው በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች መመደብ ከጀመሩ ወዲህ ነው። በአገር አቀፍ ጥናት በ1992 ዓ.ም. በሠለጠነ ባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙ እናቶች 27 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. 74 በመቶ ደርሰዋል፤ ከ100,000 ሕያው ወሊድ የሚሞቱት እናቶች ግምትም በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 871 በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ነገር ግን በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት ክትትሏን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመረችው ከአምስት እናቶች አንዷ ብቻ ነበረች፤ አሮጌው የመደበቅ ልማድ ከርቀትና ከሥራ ብዛት ጋር ተዳምሮ ዛሬም ክትትሉን ያዘገያል።

በ20ኛው ሳምንት አዋላጅ ነርስ የምታየው ብዙ ነው። የማኅፀኑ ጫፍ እምብርት ላይ ይደርሳል፤ ሽሉ ከራስ እስከ ተረከዝ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ረዝሞ ከ300 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ፌቶስኮፕ በሚባለው ቀንድ መሰል ማዳመጫ የልቡ ምት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሊሰማ ይችላል። ከ24ኛው ሳምንት በፊት የሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራ የፅንሱን ዕድሜ፣ መንታ መሆኑንና የአካሉን አፈጣጠር ያሳያል። ለእናቲቱ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና የደም ግፊት ልኬት ይደረግላታል፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚነሣው የእርግዝና ደም ግፊት በብርቱ ራስ ምታት፣ በዐይን ብዥታና በፊትና በእጅ እብጠት ሊገለጥ ስለሚችል፣ እነዚህም ሆኑ ደም መፍሰስና ትኩሳት በታዩ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

የቀደመው ዘመን ጥበቃ ፍቅርና ጸሎት አልጎደለውም፤ ያላየው ምጥ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ሊቃና የሚችለውን ችግር ነው። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለው ምርቃት በደህና መገላገልን የሚለምን ነውና፣ መራቂዋ እናት፣ አማትና ጎረቤት ነፍሰ ጡሯን ሽሉ ሲላወስ ሳይሆን የወር አበባዋ እንደቀረ አጅበው ጤና ኬላ ቢያደርሷት ምርቃታቸውን በሥራ ፈጸሙት ማለት ነው።