ፊርማ ያልጎደለው ግፍ

በአሜሪካ አገር የቨርጂኒያ ግዛት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም.፣ አእምሯቸው ደካማ ነው የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ በቀዶ ሕክምና እንዲመክኑ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሕጉ እንዲፈተንባት የተመረጠችው ኬሪ በክ የተባለች ድኻ ወጣት ነበረች። ተደፍራ ብትፀንስ አሳዳጊዎቿ ለድኩማን ወደ ተሠራ ማቆያ አስገቧት። ጠበቃዋ ቀድሞ የዚያው ማቆያ የቦርድ አባል ነበረና አንድ ምስክር እንኳ አላቆመላትም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 ዓ.ም. በ8 ድምፅ ለ1 ፈረደባት፤ በዚያው ዓመትም አመከኗት። እንደ እናቷ ደካማ ናት የተባለችው ልጇ ግን ትምህርት ቤት ገብታ ከተመሰገኑት ተማሮች ጋራ ተመዘገበች፤ ዳሩ ግን በ8 ዓመቷ ሞተች።

እንዲህ ባለ ሕግ በአሜሪካ ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች መከኑ። ቨርጂኒያ ሕጉን በ1974 ዓ.ም. ሻረች፤ በ2002 ዓ.ም. አገረ ገዥዋ ይቅርታ ጠየቀ። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም የመውለድ ችሎታቸው እንዲጠበቅላቸው ያዛል።

እንግዲህ መዝገብ የምንይዝና ማኅተም የምናሳርፍ ሁሉ ይህን እናስብ። በኬሪ ጉዳይ ፊርማ አልጎደለም፤ ማኅተምም አልጎደለም። የጎደለው ስለ እርሷ እውነቱን የሚመሰክር ሰው ነበር።