አንዲት «ር» እና የአሜሪካ መሪዎች አንደበት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1962 ምሽት ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በቴሌቪዥን ቀርበው የሶቪየት ኅብረት ሚሳይሎች ኩባ ላይ መተከላቸውን ለሕዝባቸው አረዱ። የኑክሌር ጦርነት ባንዣበበበት በዚያ ሰዓት እንኳ የቦስተን ልጅነታቸው ከአንደበታቸው አልጠፋም፤ ኩባን «ኩበር» ይሏት ነበር። የቦስተን ሰው በቃል መጨረሻ ያለችውን «ር» ይውጣታል፤ በሌለችበት ደግሞ ይጨምራታል።

ይህች ድምፅ ረጅም ታሪክ አላት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ለንደን ውስጥ «ር»ን መዋጥ የጨዋ ወግ እየሆነ መጣ። ከእንግሊዝ ጋር በመርከብ ይነግዱ የነበሩት ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ ሪችመንድና ቻርለስተን ያንኑ ተከተሉ። ፊላዴልፊያ ግን ወደብ ብትሆንም «ር»ን አልለቀቀችም። «ር»ን አጥብቀው የሚናገሩ የሰሜን አየርላንድ ስደተኞችም በእርሷ በኩል ወደ መሀል አገር ዘለቁ፤ በመካከለኛው ምዕራብ አነጋገር ላይ የእነርሱም አሻራ አለ።

ለብዙ ዘመን የተከበረው የወደቦቹ አነጋገር ነበር። ተዋንያን ሳይቀሩ «ር» መጣልን በትምህርት ይለማመዱ ነበር። ፍራንክሊን ሩዝቬልትም በማርች 1933 የባንኮችን ቀውስ በሬዲዮ ያስረዱት በዚሁ በባለጠጋ ቤተሰባቸው ዘዬ ነው። ቃላቸው ቀላል፣ አነጋገራቸው የተረጋጋ ስለነበር ሕዝቡ አመናቸው፤ ባንኮቹ ሲከፈቱ ገንዘቡን መልሶ አስገባ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሚዛኑ ተገለበጠ። ኬኔዲ ስለ ኩባ በተናገሩ በሳምንታት ውስጥ፣ በኖቬምበር 1962፣ የቋንቋ ተመራማሪው ዊሊያም ላቦቭ ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት ትልልቅ መደብሮች ገባ። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሸጥ ዕቃ እየመረጠ የት እንደሚገኝ ሠራተኞቹን ይጠይቃል፤ «ፎርዝ ፍሎር» ብለው ሲመልሱ «ር» ተሰምታ እንደሆነ ይመዘግባል። ከ264 ሠራተኞች መልስ ሰበሰበ። «ር» በብዛት የተሰማችው ሀብታሞች በሚገበያዩበት ሳክስ፣ በጥቂቱ ደግሞ በርካሹ ክላይን ነበር። አያቶች እንደ ጨዋነት የቆጠሩት አነጋገር ለልጅ ልጆች የድህነት ምልክት ሆኖ ነበር።

ያም ሆኖ ዘዬ ለንግግር ክብደት ከሰጠባቸው ጊዜያት እንደ ማርች 15 ቀን 1965 ያለ ማግኘት ይከብዳል። በደቡቧ ሴልማ ከተማ ለጥቁሮች የምርጫ መብት የወጡ ሰላማዊ ሰልፈኞች በፖሊስ ከተደበደቡ ከስምንት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ያንን መብት የሚያስከብር ሕግ ጠየቁ። ጆንሰን በወጣትነታቸው ሂዩስተን ውስጥ የንግግርና የክርክር መምህር ነበሩ፤ የቴክሳስ ዘዬያቸውን ግን አልጣሉም። በዚያው ዘዬ የጥቁሮቹን የትግል መዝሙር ርዕስ የራሳቸው ቃል አድርገው ተናገሩ። የደቡብ ሴናተሮች የሲቪል መብት ሕጎችን ለዓመታት ያገዱት በተመሳሳይ የደቡብ አነጋገር ነበርና፣ ቃሉን የሰሜን ሰው ስብከት ነው ብሎ ማጣጣል አስቸጋሪ ሆነ። የምርጫ መብት ሕጉ ኦገስት 6 ቀን በጆንሰን ፊርማ ጸደቀ።