«ሕዝብ» በመኪና ስም፦ የቮልክስዋገን ዝና ከየት መጣ?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ማለዳ የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን የመውረዳቸውን አዋጅ አነበቡላቸው። ከዚያ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ይዛቸው የሄደችው መኪና ቮልስ ነበረች። ሁለት በር ብቻ ስላላት የፊት ወንበሯ ታጥፎ ነው ንጉሠ ነገሥቱ ከኋላ የገቡት። ስለዚያ ጠዋት የጻፉ ሰዎች ሌላውን ቢረሱ ይህችን መኪና አይረሱም። የመኪናዋ ማንነት ለአንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር፤ ቮልስ የመምህሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ ወር ቆጥሮ የሚኖር ሰው መኪና እንደሆነች አገር ያውቃል።

ጀርመንኛው «ፎልክ» ሕዝብ ማለት ነው፣ «ዋገን» ደግሞ መኪና። እኛ ስሙን አሳጥረን «ቮልስ» ስንል ሕዝቡም መኪናውም ከቃሉ ወጡ፤ የቀረው ዕቃዋ ራሷ ናት። ጀርመኖቹ ግን ያንን «ሕዝብ» የሚል ቃል በየዘመኑ ተሸክመውት ኖረዋል፣ ፍቺውም በየዘመኑ ተለዋውጧል። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው የቮልክስዋገን ዝና ከኩባንያው የመነጨ አይደለም ብዬ ነው። ዝናውን የሠሩት መኪናዋን ከፍተው ሊያዩ፣ ሊፈቱና መልሰው ሊገጥሙ የቻሉ ሰዎች ናቸው፤ ኩባንያው ስሙን ያጎደፈው ደግሞ ሊከፈት የማይችል ነገር በያዘ ቁጥር ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አነስተኛ፣ ርካሽ፣ ለተራ ቤተሰብ የምትሆን መኪና የመሥራት ሐሳብ የሂትለር ፈጠራ አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ብዙ መሐንዲሶች ይመላለሱበት ነበር። በቼኮዝሎቫኪያ የታትራው ሐንስ ሌድቪንካ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ መኪና ሠርቶ ነበር። በጀርመን ደግሞ ዮዜፍ ጋንትስ የተባለ አይሁዳዊ መሐንዲስና የመኪና መጽሔት አዘጋጅ ስለ ሕዝብ መኪና ሳይታክት ይጽፍ፣ ናሙናም ይሠራ ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጋንትስ ታሰረ፣ ኋላም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በታኅሣሥ 1938 አይሁዶች መኪና እንዳይነዱና እንዳይኖራቸው ተከለከሉ። እንግዲህ «የሕዝብ መኪና» የተባለው ነገር ሲወለድ ሕዝብ የሚለው ቃል ውስጥ ማን እንደሌለ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር።

ፈርዲናንድ ፖርሸ በሰኔ 1934 ከጀርመን የመኪና አምራቾች ማኅበር ጋር ውል ተፈራረመ። ሂትለር የፈለገው ዋጋ ከ1,000 ማርክ በታች ነበር፤ በኋላ 990 ማርክ ተባለ። አምራቾቹ በዚህ ዋጋ ሠርቶ ማትረፍ እንደማይቻል ያውቁ ስለነበር ሥራውን በልባቸው አልተቀበሉትም። በዚህ ጊዜ ነው ሮበርት ላይ በተባለ ሰው የሚመራው የጀርመን የሥራ ግንባር ጉዳዩን የተረከበው። ይህ ድርጅት በ1933 የታገዱትን ነጻ የሠራተኛ ማኅበራት ሕንጻና ገንዘብ የወረሰ የናዚ ድርጅት ነው። ግንቦት 26 ቀን 1938 በፋለርስሌበን አጠገብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት ፋብሪካ የተገነባው ከሠራተኞች በተነጠቀ ሀብት መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ከ20 ዓመት በኋላ በፋብሪካው ባለቤትነት ላይ የተነሣው ክርክር ሥሩ እዚህ ነውና።

ገዢው ደግሞ መኪናዋን ሳያይ አስቀድሞ እንዲከፍል ተጠየቀ። በየሳምንቱ 5 ማርክ እያወጣ ቴምብር ይገዛል፣ በቁጠባ ካርዱ ላይ ይለጥፋል፣ ካርዱ ሲሞላ መኪናው ይደርሰዋል ተባለ። ወለድ አይታሰብለትም። ወደ 336,000 ሰዎች ተመዘገቡ። ጦርነቱ መጣ፣ ፋብሪካው ወደ ወታደራዊ ሥራ ዞረ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው በካርዱ መኪና አላገኘም። እቁብ ጥሎ ዕጣው ሳይወጣለት ዳኛው የጠፋበት ሰው ስሜቱ ይገባዋል። ከጦርነቱ በኋላ ቆጣቢዎቹ ኩባንያውን ከሰሱ፤ ዓመታት የፈጀው ሙግት በ1961 ሲያልቅ ያገኙት ከአዲስ መኪና ዋጋ ላይ እስከ 600 ማርክ ቅናሽ፣ ወይም 100 ማርክ በእጅ ነበር።

በጦርነቱ ዘመን ፋብሪካው ውስጥ ማን ይሠራ እንደነበር ለረጅም ጊዜ በግልጽ አልተነገረም። ከተያዙ አገሮች በግዳጅ የመጡ ሲቪሎች፣ የጦር ምርኮኞች፣ ከማጎሪያ ካምፕ የተወሰዱ እስረኞች ነበሩ፤ በጦርነቱ ዓመታት ሁሉ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች በግዳጅ ሠርተዋል። የጦር መኪናና የቪ-1 ተወንጫፊ ቦምብ ክፍሎችን የሠሩት እነሱ ናቸው። ከሁሉ የከበደብኝ ግን ስለ ሕፃናቱ የተጻፈው ነው። ከፖላንድና ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ሴት ሠራተኞች ሲወልዱ ልጆቻቸው ተነጥቀው ሩን በተባለች መንደር ወዳለ የኩባንያው የሕፃናት ማቆያ ይወሰዱ ነበር። በረሃብ፣ በቆሻሻና በበሽታ ከ300 በላይ ጨቅላዎች እዚያ ሞቱ። ኃላፊ የነበረው የፋብሪካው ሐኪም በእንግሊዝ የጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት በ1947 ተሰቀለ። ስለ ቮልስ ውበትና ጽናት የሚያወሱ መጻሕፍት ብዙዎቹ ይህን ገጽ ዘለውታል።

በ1945 አካባቢው በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ፋብሪካውን እንዲመለከት የተላከው ሻለቃ ኢቫን ኸርስት የቦምብ ፍርስራሹን አስጠረገ፣ አንዲት የተረፈች መኪናም አረንጓዴ አስቀብቶ ለአለቆቹ አሳየ። የእንግሊዝ ጦር መጓጓዣ ቸግሮት ነበርና 20,000 መኪና አዘዘ። ተከታታይ ምርት ታኅሣሥ 27 ቀን 1945 ተጀመረ። ለሂትለር ክብር የታሰበችውን መኪና በብዛት መሥራት ያስጀመረው የአሸናፊው ጦር መኮንን ነው፤ ለዚህም ነው የኩባንያውን መነሻ በአንድ አባት ስም መጻፍ የማይቻለው።

የዝናው መሠረት በትክክል የተጣለው ከ1948 ወዲህ ነው። ከጥር ወር ጀምሮ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ የመኪናዋን ቅርጽ አልለወጠም፤ ውስጧን ግን በየዓመቱ ያሻሽል ነበር። ሌላው ብልሃቱ መኪና ከመሸጡ በፊት መለዋወጫና የሠለጠነ መካኒክ በቦታው መኖሩን ማረጋገጡ ነው። ነሐሴ 5 ቀን 1955 አንድ ሚሊዮንኛዋ ወጣች። በየካቲት 1972 ቁጥሯ 15,007,034 ደርሶ የፎርድን ሞዴል ቲ አለፈች። የመጨረሻዋ ቮልስ በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ ስትወጣ ድምሩ 21,529,464 ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ስሟን የለወጠው የ1959 ማስታወቂያ ነው። የኒውዮርኩ ዶይል ዴን በርንባክ ድርጅት መሥራች ቢል በርንባክ አይሁዳዊ ነበር፣ ጦርነቱም ካበቃ ገና 14 ዓመቱ ነው። ማስታወቂያዎቹ ሰፊ ነጭ ገጽ ላይ ትንሽ መኪና አስቀምጠው «በትንሹ አስቡ» አሉ። በሌላው ደግሞ አዲስ የምትመስለውን መኪና «ብልሽት» ብለው ጠሯት፤ የጓንት ማስቀመጫዋ ጌጥ ላይ እንከን ስለተገኘ መርማሪው አልፈቀዳትም። ሻጭ ጉድለቱን ራሱ አውጥቶ መናገሩ ያን ጊዜ ያልተለመደ ነበር። ይህን የማነሣው በኋላ ከምመለስበት የ2015 የናፍጣ ማታለል ጋር ለማነጻጸር ነው፤ ዝናው የቆመው ኩባንያው ጉድለቱን አይደብቅም በሚል እምነት ላይ ነበርና።

ያ እምነት በመኪናዋ አካል ላይም ይነበብ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ውኃ ፈላባት የሚባል ነገር የለም። ሞተሯን ከካምቢዮው ጋር የሚያያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ጎበዝ መካኒክ ከረዳቱ ጋር ፈጥኖ ያወርደዋል። ካንዴላውም ካርቡራተሩም በእጅ ይደረሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአባት ለልጅ የተላለፉ፣ ከ50 ዓመት በላይ የሠሩ ቮልሶች ዛሬም አሉ፤ ይህን ጽናት ከፋብሪካው ይልቅ በየሰፈሩ ጋራዥ ያደጉ መካኒኮች ሥራ አድርጌ ነው የምቆጥረው። የጠፋውን መለዋወጫ ከሌላ ቮልስ የፈቱት፣ የማይገኘውን በሞረድ ያስተካከሉት እነሱ ናቸው። መካኒኩ አንድ ነገር ሲል ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ማየት ይችል ነበር።

ባለቤትነቱን በሚመለከት፣ የ1960ው የቮልክስዋገን ሕግ ከ1933ቱ ዝርፊያ ጋር መታየት አለበት። የሠራተኛ ማኅበራቱ ገንዘባችን ነው አሉ፣ ፌዴራል መንግሥቱና የታችኛው ሳክሶኒ ክፍለ ግዛት የየራሳቸውን ጥያቄ አነሡ። ስምምነቱ አብዛኛውን አክሲዮን ለሕዝብ ሸጠ፣ ለክፍለ ግዛቱ ትልቅ ድርሻ ከነድምፁ አቆየ፣ ለሠራተኞች ተወካዮችም ጠንካራ ቦታ ሰጠ። ታችኛው ሳክሶኒ ዛሬም የድምፁን 20 በመቶ ይዟል። በታሪኩ ውስጥ «ሕዝብ» የሚለው ቃል ሕጋዊ ትርጉም አግኝቶ የምናየው ምናልባት እዚህ ብቻ ነው።

ስለ ግዳጅ ሥራው ዘመን መዝገቡ የተከፈተው ዘግይቶ ነው። ኩባንያው በ1986 የታሪክ ምሁሩን ሐንስ ሞምዘንን አሠማራ፤ ሞምዘንና ማንፍሬድ ግሪገር ያዘጋጁት ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው ጥናት በ1996 ታተመ። በ1998 በሕይወት ለተረፉት የ20 ሚሊዮን ማርክ ፈንድ ተቋቋመ፣ በ1999 በፋብሪካው ግቢ በነበረ የቦምብ መጠለያ ውስጥ የመታሰቢያ ስፍራ ተከፈተ። ብራዚልም ተራዋ ደረሰ፦ ቅርንጫፉ በወታደራዊ አገዛዙ ዘመን ሠራተኞቹን ለደኅንነት ፖሊስ አሳልፎ ይሰጥ እንደነበር በ2017 የወጣ ጥናት አረጋገጠ፣ በ2020ም 36 ሚሊዮን ሪያል ሊከፍል ተስማማ። እነዚህን ጥናቶች ኩባንያው ራሱ ማስጠናቱ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው። ከጥፋቱ ግን አሥርት ዓመታት ዘግይተዋል፣ ከተጎዱት ብዙዎቹም አልደረሱባቸውም።

አሁን ወደ ናፍጣው። ኩባንያው «ንጹሕ ናፍጣ» እያለ አሜሪካ ውስጥ መኪና ይሸጥ ነበር። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተመራማሪዎች መለኪያ ጭነው ጄታና ፓሳት መንገድ ላይ ነዱ፤ ፓሳቷን ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ድረስ ወሰዷት። በመመርመሪያ ጣቢያ ሕጉን የምታከብረው መኪና መንገድ ላይ ከተፈቀደው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ታወጣ ነበር። ምሥጢሩ ሞተሩን በሚያዘው ሶፍትዌር ውስጥ ነው፦ ፍጥነቱን፣ የቆይታውን ጊዜ፣ የአየሩን ግፊትና የመሪውን አቀማመጥ እያየ ፍተሻ ላይ መሆኑን ይለያል። በፍተሻ ላይ ጎማ ይሽከረከራል እንጂ መሪ አይዞርም። ሶፍትዌሩ ፍተሻ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ያጣራል፣ መንገድ ሲወጣ ይተወዋል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጉዳዩን መስከረም 18 ቀን 2015 ይፋ አደረገ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ውስጥ ሶፍትዌሩ እንዳለ ኩባንያው አመነ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን በቀናት ውስጥ ለቀቀ። ቅጣቱ፣ ካሣውና ማስተካከያው ከ30 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አስወጣ። በግንቦት 2025 የብራውንሽቫይግ ፍርድ ቤት አራት የቀድሞ ኃላፊዎችን ጥፋተኛ ብሎ ሁለቱ ላይ እስራት ፈረደ። ብዙ ተንታኞች ነገሩን የጥቂት መሐንዲሶች ጥፋት ወይም የገበያ ጫና ውጤት አድርገው ያልፉታል። እኔ ከ1938ቱ የቁጠባ ካርድ ጋር አንድ መልክ ያለው ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በሁለቱም ጊዜ ገዢው ሊያረጋግጠው በማይችለው ነገር ላይ አመኔታውን እንዲሰጥ ተጠይቋል። የድሮዋን ቮልስ የፈታ መካኒክ ይህን ማታለል በመፍቻ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ ያወቁት ሞተሩን ከፍተው ሳይሆን ጭሱን ለክተው ነው።

በጥር 2019 ኩባንያው በጀርመኑ ፕሬዚዳንት ፍራንክ-ቫልተር ሽታይንማየር ጉብኝት ወቅት ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር ስለ መገጣጠሚያ፣ ስለ መለዋወጫ ምርትና ስለ ሥልጠና የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ወደ አገራችን በብዛት የገባችው ቮልክስዋገን ግን በሌላ መንገድ መጣች። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል፣ አስመጪዎች ለቻይና ገበያ በቻይና የተሠሩትን አይዲ-4 እና አይዲ-6 የኤሌክትሪክ መኪኖች አመጡ። የብዙዎቹ ስክሪን የሚናገረው ቻይንኛ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ቮልስና አይዲ-4 ጎን ለጎን ቆመው ማየት ብርቅ አይደለም። ቮልሷ የኋላ ኮፈኗ ተከፍቷል፣ መካኒኩ እጁን አግብቶ ይሠራል። በአይዲ-4ቷ ዘንድ ኮምፒውተር የያዘ ወጣት ተቀምጧል፤ ገመዱን ሰክቶ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቻይንኛ በስልኩ ካሜራ እያስተረጎመ፣ መኪናዋ ስለ ራሷ የምትለውን ያነባል።